ዘጠኝ መቀመጫ ላላት አውሮፕላን ይህ ሁሉ አስገዳጅ ጥገና ተገቢ ነው ወይ?

ታቦር ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። እኔና ሦስት ሸሪኮቼ ሐይቁ ዳር መለስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጂንካ የሚያልፉ እንግዶቻችን ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ መዋል ስለሚያማርራቸው፣ ሴስና ካራቫን የምትባል አንዲት ያገለገለች ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ገዝተን፣ አስፈላጊውን ፈቃድ አውጥተን በኪራይ ብናሠራት ያዋጣናል ወይ በሚለው ላይ ስንመክር ዓመት አልፎናል።

የአውሮፕላኗ ዋጋ አላስደነገጠንም፤ ያስደነገጠን ጥገናው ነው። የሞተሯ አምራች ባወጣው ልክ መሠረት 1,800 የበረራ ሰዓት ሲሞላ ከፍተኛ ሙቀት የሚያገኘው የሞተሩ ክፍል ተከፍቶ ይመረመራል፤ 3,600 ሲሞላ ደግሞ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። በዓመት 600 ሰዓት ብናበር የመጀመሪያው በሦስተኛው ዓመት፣ ሁለተኛው በስድስተኛው ዓመት ይደርስብናል። እድሳቱ ብቻውን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ሲሆን፣ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ በየጊዜው የሚደረገው ምርመራ፣ ዘመናቸው ሲያልፍ የሚጣሉት ዕቃዎች፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያና የመዝገብ አያያዙ ይጨመራል።

ከሸሪኮቻችን አንዱ የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ነው። «የሚሠራን ሞተር ማን ይከፍታል? እኔ ድምፁ ሲለወጥ ነው ጋራዥ የማስገባው» ይላል። ልመልስለት ስሞክር በቂ ቃል አጣሁ። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። እነዚህ ግዴታዎች የሚያስወጡትን ያህል ጥቅም እንደሚሰጡ በተጨባጭ የታወቀ ነገር አለ ወይ? ዘጠኝ ሰው የምትጭን አውሮፕላንስ ሦስት መቶ ሰው ከሚጭነው ጋር በአንድ ሚዛን መታየት አለባት ወይ? ደግሞም ደንቡ በረራን አስወድዶ ሰውን ወደ መንገድ የሚመልሰው ከሆነ፣ መንገድ ላይ የሚጠፋውን ሕይወት ማን ይቆጥረዋል? ከልቤ የምጠይቀው ነውና የምታውቁ አስረዱኝ።

ጡረተኛ ቴክኒሻን

ሰላም ወንድሜ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ እኖራለሁ።

የሸሪክህን አነጋገር እንደ ስንፍና አትቁጠርበት፤ በሙያችን ታሪክ የእውነቱ ግማሽ ከእርሱ ጋር ነው። ቀድሞ የነበረው እምነት እያንዳንዱ ዕቃ የዕድሜ ጣሪያ አለው፣ ጣሪያው ሳይደርስ ወርዶ ከታደሰ አይበላሽም የሚል ነበር። በዚያ አስተሳሰብ የተዘጋጀው ዲሲ 8 የተባለው የመንገደኞች ጄት የጥገና ፕሮግራም 339 ዕቃዎች በተቆረጠላቸው ሰዓት እየወረዱ እንዲታደሱ ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ አየር መንገድ መሐንዲሶችና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የብልሽት መዝገቡን ቁጭ ብለው ሲመረምሩት፣ አብዛኛው ዕቃ የሚበላሸው ዕድሜውን ቆጥሮ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም አንዳንዱ የሚታመመው ተከፍቶ በተገጠመ ማግስት መሆኑን ተረዱ። ዲሲ 10 ሲመጣ በሰዓት ገደብ ወርደው የሚታደሱት ዕቃዎች 7 ብቻ ሆኑ። በቦይንግ 747 ላይ ደግሞ 20,000 የበረራ ሰዓት እስኪሞላ ለዋና ዋናው የአካል ምርመራ የዋለው የሰው ጉልበት 66,000 ሰዓት ሲሆን፣ በቀድሞው አሠራር ከእርሱ እጅግ ለሚያንሰው ለዲሲ 8 ተመሳሳዩ ምርመራ ከ4 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር። ደኅንነቱ ግን በዚህ አልቀነሰም።

ስለዚህ ዛሬ በጥገና ማኑዋላችሁ ላይ የምታዩት ግዴታ በወንፊት ተነፍቶ የቀረ ነው። የ1,800 ሰዓቱን ምርመራ ውሰድ። እዚያ ውስጥ ያሉት የተርባይን ቢላዎች በእሳት መካከል የሚሽከረከሩ ናቸው። ነዳጅ የሚረጨው አፍ በትንሹ ቢደፈንና እሳቱ ወደ አንድ ጎን ቢያደላ፣ ቢላው ይለበለባል እንጂ ድምፁ አይለወጥም፤ አብራሪው ወንበር ላይም ምንም አይሰማም። የጭነት መኪና ሞተር ሲንኳኳ ሾፌሩ ወደ ጥጉ ይይዛል፤ ካራቫን ግን ሞተሯ አንድ ነው፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ ስትሻገሩም ከታች ያለው ተራራ ነው።

ጊዜ ሲራዘም የሚሆነውን ለማየት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2000 በካሊፎርኒያ ጠረፍ ውቅያኖስ ውስጥ የወደቀውን የአላስካ አየር መንገድ በረራ 261ን መመልከት ይበቃል፤ 88 ሰዎች አልቀዋል። የጭራውን አግድም ክንፍ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ረጅም ብሎን የሚዞርበት ዳዶ ጥርሱ ተበልቶ አልቆ ነበር። ምክንያቱ የግራሶ እጥረት ነው። ግራሶ የሚቀባበት ጊዜ ባለፉት ዓመታት ደረጃ በደረጃ ሲራዘም ቆይቶ በመጨረሻ በየ8 ወሩ ሆኖ ነበር፤ ይህም በአውሮፕላኑ አጠቃቀም ሲሰላ ወደ 2,550 የበረራ ሰዓት ይጠጋል። የጥርሱ መበላት የሚለካበት ጊዜም እንደዚሁ ተራዝሞ ነበር። እያንዳንዱ ማራዘሚያ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ሲደመር ግን ብሎኑ ደርቆ ሲሠራ የሚያየው ሰው እንዳይኖር አደረገ። የተቆጠበው አንድ ባለሙያ በጠባብ ቀዳዳ እጁን አስገብቶ ግራሶ የሚቀባበት ጥቂት ሰዓት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ፤ መነሣትና ማረፉንም ቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሃዋይ ደሴቶች መካከል እየበረረ ጣሪያው የተገነጠለው የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ 35,500 ሰዓት ብቻ በርሮ 89,680 ጊዜ ተነሥቶ አርፎ ነበር። በእያንዳንዱ በረራ ካቢኑ በአየር ግፊት ሲወጠርና ሲላላ፣ ከባሕሩ ጨውና እርጥበት ጋር ተዳምሮ የጣሪያው መጋጠሚያ ተሰነጣጠቀ። ካራቫን ካቢኗ በአየር ግፊት የሚወጠር ስላልሆነ ይህ በቀጥታ አይመለከታችሁም፤ ነገር ግን የተርባይን ቢላዎቹ የሚተከሉባቸው የሞተሯ ዲስኮችና የማረፊያ እግሯ የሚደክሙት በመነሣትና በማረፍ ብዛት ነው፤ የእናንተ በረራ ደግሞ አጫጭር ነው።

አሞራ ገደል

እኔ መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ ጋራዤ መናኸሪያው አካባቢ ነው። ጋሼ የጻፉትን ሁሉ ተቀብዬ አንድ ቅሬታ አለኝ። ደንብ መኖሩ ብቻውን ጥቅም አይሆንም። በየዓመቱ ቦሎ ለማግኘት መኪና ይመረመራል። ባለፈው ዓመት ምርመራውን ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላው ሚኒባስ ወደ እኔ መጣ፤ የኋላ ጎማውን ሳወርደው የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነበር። ባለቤቱ ለምርመራው ከፍሏል፣ አንድ የሥራ ቀን አጥቷል፣ ወረቀቱም በእጁ ነው፤ ተሳፋሪው ግን ያገኘው ነገር የለም። የት እንደተመረመረ ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ ነገሩ በአንድ ቦታ ብቻ የሚታይ አይደለምና።

እንዲህ ያለው ደንብ ወጪው ሙሉ፣ ጥቅሙ ባዶ ነው። በአውሮፕላን ላይ ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው ምንድን ነው? አንድ ሰው «ሠርቻለሁ» ብሎ ቢፈርም በርግጥ መሥራቱን ማን ያውቃል?

ጡረተኛ ቴክኒሻን

ወንድም አሞራ ገደል፣ ቁልፉን ጥያቄ ጠየቅህ። በእኛ ሥራ ፊርማው የድርጅት ሳይሆን የሰው ነው። የፈቃድ ቁጥሬን ከስሜ ጋር በመዝገቡ ላይ ስጽፍ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚጠየቀው ያ ቁጥር ነው። እንደ መሪ ገመድ ያለ፣ ስሕተትን የማይምር ሥራ ሲሆን ደግሞ የሠራው ሰው ራሱ መርማሪ መሆን አይችልም፤ ሌላ ፈቃድ ያለው ሰው መጥቶ በእጁ ነክቶ፣ በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። ሁለተኛው ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ለታቦር ሥር ወጪ ሆኖ የሚታየው አንዱ ይኸው ነው።

ያለዚህ ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1983 አንድ ባለሦስት ሞተር ሎክሂድ ኤል 1011 ከማያሚ ወደ ናሶ 172 ሰዎች ይዞ ተነሣ። ሌሊቱን በሦስቱም ሞተሮች ላይ የብረት ብናኝ የምትለቅም ማግኔት ያለባት አነስተኛ ቡሽ ተቀይራ ነበር። ቡሿ ስትገጠም ኦ ሪንግ የምንላት የጎማ ቀለበት አብራት መግባት አለባት። ባለሙያዎቹ ዘወትር ቀለበቷ ተገጥሞላት የሚመጣ ቡሽ መቀበል ለምደው ስለነበር፣ የዚያን ዕለት ባዶውን የመጣውን ሳያዩ ገጠሙት፤ ሦስቱም ሞተር ላይ። ዘይቱ በአየር ላይ አለቀ። አንዱ ሞተር በአብራሪዎቹ ጠፋ፣ ሁለቱ በራሳቸው ጠፉ፤ አውሮፕላኑ ያለ ሞተር ወደ ባሕሩ ሲወርድ ቆይቶ ቀድሞ የጠፋው ሞተር እንደገና ተነሥቶላቸው ማያሚ አረፉ፤ ሰው አልሞተም። ሩቅ በሚጓዙ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ላይ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሞተር እንዳይነካ የሚከለክለውን አሠራር ያየ ሰው ምክንያቱን ከዚህ ታሪክ ሊረዳ ይችላል።

የራሴንም ልናገር። በወጣትነቴ በአንድ ሃንጋር ውስጥ የሌሊት ተራ ነበርኩ። የመሣሪያ ሰሌዳችን ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በቀለም ተሥሏል፤ ዕቃው ሲነሣ ቅርጹ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሥራ ጨርሰን ስንቆጥር የአንዲት አጭር ካቻቢቴ ቦታ ባዶ ነው። አውሮፕላኑ ንጋት ላይ መነሣት ነበረበት። ኃላፊያችን ድምፁን ሳያሰማ የመልቀቂያውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ እኛም የዘጋነውን ክዳን ሁሉ እንደገና መክፈት ጀመርን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭራው ውስጥ፣ የመሪው ገመድ በሚያልፍበት መዘውር ሥር፣ በጠርዟ ቆማ አገኘናት። የረሳኋት እኔ ነበርኩ። በረራው ዘገየ፣ መንገደኛ ተቆጣ፣ ገንዘብ ወጣ። ያንን መዘውር እስካሁን አልረሳውም፤ ገመዱና ካቻቢቴዋ መካከል የነበረው ክፍተት ጣት አያሳልፍም ነበር።

የኢኮኖሚክስ መምህርት

ሐዋሳ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ታቦር ሥር ያነሡት ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ሰው ወደ መንገድ ይመለሳል የሚለው፣ በቁም ነገር የሚታይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሕፃናት በአውሮፕላን ውስጥ በራሳቸው የደኅንነት ወንበር እንዲታሰሩ የሚያስገድድ ደንብ ሊያወጣ አስቦ እ.ኤ.አ. በ2005 የተወው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ቤተሰብ ተጨማሪ ቲኬት መግዛት ሲከብደው በመኪና ይሄዳል፣ በመኪና ደግሞ የበለጠ ሰው ይሞታል የሚል ስሌት ነው። ስለዚህ «ለደኅንነት ምንም ቢከፈል አይበዛም» የሚለው አነጋገር ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው የማይሠሩበት ነው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት የጥገና ትእዛዝ ሲያወጣ እያንዳንዱ አውሮፕላን ስንት የሥራ ሰዓት እንደሚጠይቅ፣ የአንዱ ሰዓት ዋጋ በ85 ዶላር ተሰልቶ ዕቃው ጭምር ስንት እንደሚፈጅ በብዙዎቹ ትእዛዞች ላይ ተጽፎ ይወጣል። ወጪውን ሳይደብቁ ማስቀመጣቸውን እወደዋለሁ፤ በእኛም አገር ለሚወጣ ማንኛውም ደንብ ቢለመድ ደስ ይለኛል።

ይሁን እንጂ ጥገናን ለባለቤቱ ፈቃድ መተው የማይቻልበት ምክንያት አለ። ተሳፋሪ የሚገዛውን ነገር ማየት አይችልም። ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ስንገዛ ጉንጩን ገልጠን ደሙን አይተን ነው፤ የሞተርን ተርባይን ግን ማን ገልጦ ያያል? ሁለት አንቀሳቃሾች ቢኖሩና አንዱ ጥገናውን በሚገባ ቢያደርግ፣ ሌላው ቢያጓድል፣ ተሳፋሪው የሚያየው የቲኬቱን ዋጋ ብቻ ስለሆነ የሚሸጠው ያጓደለው ነው። በገበያው ውስጥ ጠንቃቃው ይከስራል። አስገዳጅ ደንብ በመጀመሪያ የሚጠብቀው እንደ ታቦር ሥር ያለውን፣ በሕሊናው ሊሠራ የሚፈልገውን ባለሀብት ነው።

ከጋሼ ጋር የምለይበት ነጥብ ግን አለ። «በወንፊት ተነፍቶ የቀረ ነው» ያሉት ለሥራዎቹ ዝርዝር እውነት ነው፤ ለአስተዳደር ሸክሙ ግን ሁልጊዜ እውነት አይመስለኝም። አንድ አውሮፕላን ያለውም፣ መቶ ያለውም የጥራት ኃላፊ፣ ማኑዋልና የመዝገብ ክፍል ያስፈልገዋል። ይህ ወጪ በመቶ ሲካፈል ቀላል ነው፤ በአንድ ሲካፈል ግን ያንበረክካል። መቅለል ያለበት ይህኛው ነው እንጂ የ1,800 ሰዓቱ ምርመራ አይደለም። ደንቡም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ሚዛን አያይም። ለምሳሌ በአሜሪካ አነስተኛ አውሮፕላን ለግል መንሸራሸሪያ ሲሆን በዓመት አንዴ ይመረመራል፤ በገንዘብ ሰው ሲጭን ግን በየ100 ሰዓቱም መመርመር አለበት ወይም የጸደቀ የምርመራ ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል። ሚዛኑ የተቀመጠው ከመቀመጫው ብዛት በተጨማሪ ሰውዬው ከፍሎ፣ አምኖ መሳፈሩ ላይ ነው።

ጥቅሙን ስናሰላ ደግሞ የጥገና ደንብ የማያመጣውን አንቁጠርለት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበት አውሮፕላን ከፋብሪካ ከወጣ አራት ወር ገደማው ነበር። ችግሩ የነበረው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደታች እንዲደፋ በሚያደርገው ሥርዓት ንድፍ ላይ ነው፤ ሃንጋር ውስጥ የሚደረግ የትኛውም ምርመራ አያስቀረውም። ያ ሐዘን የሚያስተምረን ስለ ንድፍ ማጽደቅ ነው፤ የጥገናን ወጪ ለማስረዳትም ሆነ ለማጣጣል ሊጠቀስ አይገባም።

ለእናንተ ንግድ በቅርብ የሚታየው ጥቅም መዝገቡ ነው። አውሮፕላን ሲሸጥ ከብረቱ እኩል የሚሸጠው ወረቀቱ ነው። የዕድሜ ገደብ ያለው የሞተር ዲስክ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያለው ታሪክ ከሌለው፣ ዓይን ቢያረካም ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 በሐሰት ሰነድ የተሸጡ የሞተር መለዋወጫዎች በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ላይ ተገጥመው ሲገኙ፣ አየር መንገዶች ሞተር እያወረዱ ዕቃዎቹን ማውጣት ነበረባቸው። ጥብቅ መዝገብ የነበረው የትኛው ሞተሩ ላይ እንዳለ በፍጥነት ለይቶ ሌላውን ማብረሩን ቀጠለ።

ታቦር ሥር (ጠያቂ)

ጋሼ፣ መምህርት፣ ወንድሜ አሞራ ገደል፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፉን አትሜ ለሸሪኮቼ አነበብኩላቸው። ባለ አይሱዙው ስለ 339ኙ ዕቃዎች ሲሰማ ደስ አለው፤ ስለ ግራሶው ሲሰማ ዝም አለ፤ ቆየት ብሎም «ለካ የእኔ መኪና የሚናገረው መንገድ ዳር ስለሚቆም ነው» አለኝ።

ስሌታችንን እንደገና ሠርተነዋል። ቀድሞ የሞተሩን እድሳት ስድስተኛው ዓመት ላይ እንደ ድንገተኛ ወጪ ነበር ያስቀመጥነው። አሁን ከእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ገቢ ላይ፣ ከትርፍ ክፍፍሉ በፊት፣ ተነሥቶ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ አድርገናል። መምህርት ስለ አስተዳደር ሸክሙ ያነሡትን ይዘን፣ የራሳችንን የጥገና ክፍል ከማቋቋም ይልቅ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ካለው የጥገና ድርጅት ጋር በውል መሥራቱን እያጠናን ነው። በዚህ ስሌት የአንድ መቀመጫ ዋጋ ካሰብነው በላይ ሆነ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ጂንካን ትተን አርባ ምንጭ ብቻ ብንል ይሻላል ብለናል። አንዱ ሸሪካችን በዚህ ዋጋ እንግዳ አይመጣም በማለት ሊወጣ ይችላል፤ እሑድ ተሰብስበን እንወስናለን።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ለሽያጭ የቀረበች አንዲት ካራቫን አለች፤ ሻጩ ሥዕሎቿን ልኮልናል፣ ቀለሟ አዲስ ነው፣ ወንበሮቿም አምረዋል። መጥተው ቢያዩልን ሙሉ ወጪዎትን እንሸፍናለን።

ጡረተኛ ቴክኒሻን

ልጄ፣ ለማየት ደስ ይለኛል፤ ክፍያውን ተወው። ግን ከቀለሙ በፊት የሞተሩንና የአካሉን ሎግ ቡክ (የጥገና መዝገብ) ቅጂ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አስልክ፤ የዲስኮቹን የመነሣትና የማረፍ ቆጠራ፣ የመጨረሻው የሞተሩ ትኩስ ክፍል ምርመራ (ያ የ1,800 ሰዓቱ) የተደረገበትን ሰዓት፣ የወጡት የጥገና ትእዛዞች አንድ በአንድ የተፈጸሙበትን ዝርዝር ጨምሮ። ሻጩ «ጥቂት ገጽ ጠፍቷል» ካለህ እኔን መንገድ አታስገባኝ፤ አንተም ሌላ ፈልግ። ሙሉ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ይዘኸው ና፣ ቡና አስፈልቼ አብረን ገጽ በገጽ እንየው።